«ሀገር ቤት ይላክ» ሕክምና አይደለም



እዚህ አካባቢ ባለነው ኢትዮጵያውያን ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ፣ ከበርክሌና ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ፣ ሁሌ የሚሰማ አንድ «መፍትሔ» አለ። ልጁ ሜት ወይም ኮኬይን እንደሚወስድ ይታወቃል። እናት ታለቅሳለች፤ አባት ዝም ይላል፤ አጎት ይጠራል። አጎትም ቡናው ሳይቀዘቅዝ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ትኬት ይቆረጥለት። ሀገር ቤት አያቱ ጋ ስድስት ወር ቢቀመጥ ሰው ይሆናል።» አንዷ አክስት ደግሞ ትጨምራለች፦ «እዚያው ደህና ልጅ ይፈለግለትና ይዳር፤ ኃላፊነት ሲመጣ ይተወዋል።» ሁሉም አሚን ይላል። ወሬው ከዚያ ቤት እንዳይወጣም ቃል ይገባባሉ።

ነርስ ነኝ። በሥራዬም በሰፈሬም ይህን ውሳኔ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ሕክምና ሲሆን አላየሁም። የምጽፈው ሽማግሌዎቻችንን ላስቀይም ብዬ አይደለም፤ ቢቀየሙም ግን እጽፈዋለሁ። ልጁን አውሮፕላን ላይ ስናሳፍረው የምናርቀው ከሱሱ አይደለም። የምናርቀው እዚሁ አላሜዳ ካውንቲ ውስጥ ካለው፣ ሜዲ-ካል ከሚከፍልለት፣ ለዚህ ዓይነቱ ሱስ እስከ ዛሬ ከተሞከሩት ሁሉ የተሻለ ውጤት ካሳየው ሕክምና ነው።

መጀመሪያ ስለ ማን እንደምናወራ እንግባባ። «ሱሰኛ» ሲባል ብዙዎቻችን ዐይን ላይ የሚመጣው ድልድይ ሥር ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ነው። እኔ የማውቃቸው የእኛ ሰዎች ድንኳን ውስጥ አይደሉም። አንዱ ቀን መኪና ማቆሚያ ሠርቶ ማታ ኡበር የሚነዳ፣ እንቅልፍን ለማሸነፍ ብሎ የጀመረ አባት ነው። አንዱ ረጅም መንገድ የሚነዳ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አንዱ ለፈተና ሊያጠና ከክፍል ጓደኛው አንድ የአደራል ክኒን ተቀብሎ የጀመረ፣ እናቱ ዶክተር ይሆንልኛል ብላ የምትጠብቀው ተማሪ ነው። (በነገራችን ላይ ከፋርማሲ ያልመጣ አደራል ብዙ ጊዜ አደራል አይደለም። ሜት በክኒን ቅርጽ ተጨምቆ ሊሆን ይችላል፤ ፌንታኒልም ሊኖርበት ይችላል።) ሴቶችም አሉበት። ክብደት ይቀንስልኛል ብላ የጀመረች አለች፤ የሌሊት ሺፍትና ሦስት ልጆች አንድ ላይ ከብደዋት የጀመረች አለች። የእነሱ ደግሞ ከወንዶቹ በባሰ ይደበቃል፣ ምክንያቱም ወንድ ልጅ «ጓደኛ አበላሸው» ይባላል፤ ሴት ልጅ ስትሆን የቤተሰቡ ስም ነው የሚጠፋው።

ጫትንም ዘልዬው ማለፍ አልችልም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ለአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ሄሮይን ባለበት መደብ ውስጥ ገብቷል። ምርቃናውን፣ ሐራራውን፣ ሳይቃም ባደረ ሌሊት የሚመጣውን ዱካክ እናቶቻችን ሐኪም ሳይነግራቸው ያውቁታል። የሚቅም ሁሉ ሱሰኛ ነው አልልም። ጫት ሐራም ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ደግሞ ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ፤ ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈውበታል፣ ዛሬም አላለቀም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰውየው ማቆም ፈልጎ ካልቻለ ምን እንለዋለን? ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሑክሙ የሚከራከሩ ወንዶች፣ ለዚህ ጥያቄ ሲደርሱ «ቆራጥ ይሁን» ብለው ይነሣሉ።

አሁን ወደ ትኬቱ ልመለስ። «ሀገር ቤት ይላክ» የሚሉት ሰዎች ልባቸው ውስጥ ያለችው ሀገር፣ እነሱ ከሃያ ዓመት በፊት ጥለዋት የመጡት ሀገር ናት፦ የአዛን ድምፅ፣ የአያት ዱዓ፣ የጎረቤት ዐይን። ልጁ የሚያርፍባት ሀገር ግን ጫት ሕጋዊ የሆነባት፣ ከአወዳይ እስከ ባሕር ዳር በየመንገዱ ዳር የሚሸጥባት ናት። ከአሜሪካ የመጣ የዘመድ ልጅ የመጀመሪያ ግብዣው ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ፍራሽ ይነጠፋል፣ በርጫ ይዘጋጃል፣ ዶላርም ይዟል። አንዱን አነቃቂ ሊተው የሄደ ሰው በሌላ አነቃቂ ይስተናገዳል። ቢታመምስ? ለአእምሮ ሕመም ስሙ የሚነሣው ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነው። እዚያ ያሉትን ባለሙያዎች አከብራቸዋለሁ፤ ነገር ግን የአንድ ትልቅ ሀገር ሕመምተኛ ነው የሚጎርፍባቸው። ከወሎ ገጠር ያለች አያትም ልጁን በሳምንት ሁለት ቀን ይዛ እዚያ አትመላለስም።

የወረቀቱም ጉዳይ አለ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ከስድስት ወር በላይ ውጭ ከቆየ ሲመለስ አየር ማረፊያ ላይ እንደ አዲስ ገቢ ሊጠየቅ ይችላል። አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጣ ከአንድ ዓመት ካለፈ ካርዱን እስከ ማጣት ይደርሳል። ቀደም ብሎ በዕፅ ተይዞ ተፈርዶበት ከሆነ ደግሞ ጉዞው ራሱ ወጥመድ ነው፤ ጠበቃ ሳያማክር ከሀገር መውጣት የለበትም። ይህን የሚያውቅ አጎት እስካሁን አላጋጠመኝም።

«ቢያንስ ስድስት ወር ንፁህ ይሆናል» ትሉኝ ይሆናል። ይሁን፣ ሆነ እንበል። ከዚያ ይመለሳል፤ ወደዚያው መኝታ ቤት፣ ወደዚያው ስልክ፣ ወደዚያው ጓደኛ። ምንም መላ አልተማረም፤ ማንም ጥያቄ ጠይቆት አያውቅም። እዚህ ገበያው ላይ ያለው ሜትና ኮኬይን ደግሞ ፌንታኒል ሊገባበት ይችላል፤ ለፌንታኒል ዓይነቱ መድኃኒት ያልለመደ ሰውነት በትንሹ ትንፋሹ ይቆማል። «አንዴ ብቻ» ያላት ያቺ ምሽት ከጉዞው በፊት ከነበሩት ምሽቶች ሁሉ የባሰች ልትሆን ትችላለች።

ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች ለዚህ ነገር ስም እንኳ አላቸው፤ ዳቀን ዔሊስ ይሉታል፣ ልጅን ወደ ባህሉ መመለስ ማለት ነው። በኬንያና በሶማሊያ ለዚሁ ተብለው በተከፈቱ ማዕከላት ውስጥ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የተላኩ ወጣቶች ታስረውና ተደብድበው መገኘታቸውን ጋዜጠኞች ደጋግመው ዘግበዋል። የላኳቸው ወላጆች ክፉዎች አልነበሩም። የሚወዷቸውና የፈሩ ወላጆች ነበሩ።

የአክስቲቱ ምክር ግን ከአጎትየውም ይብሳል፣ እዚህ ላይ ቁጣዬን ልደብቀው አልችልም። ደሴ ወይም ጅማ ወይም ሐረር ላለች አንዲት ልጅ «አሜሪካ የሚኖር፣ ሰላቱን የሚሰግድ ጨዋ ልጅ» ይባልላታል። ሱሱ አይነገራትም። ኒካሕ ይታሰራል፣ ወሊማው ይበላል፣ እናቱ አልሐምዱሊላህ ብላ ትመለሳለች። ቪዛው ሲወጣ ያቺ ልጅ ቋንቋው ሳይገባት፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖራት፣ ዘመድ ሳይኖራት፣ ሦስት ሌሊት ካልተኛ ሰው ጋር አንድ አፓርታማ ውስጥ ትዘጋለች። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ አታውቅም። በር ሲዘጋባት፣ ስልኳ ሲበረበር፣ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው» ሲላት፣ ለእናቱ ትደውላለች። «ሶብር አድርጊ» ትባላለች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ከትተው ከሥር እርጥብ ስላገኙበት ነጋዴ የምንሰማውን ሐዲሥ ሁላችንም እናውቀዋለን። የእህልን ጉድለት ደብቆ መሸጥ እንዲያ ከከበደ፣ የሰውን ልጅ ሕመም ደብቆ መዳርን ማን አቀለለው? የሚድን ልጅ ይዳን፣ ከዚያ እውነቱን ተናግሮ ያግባ። ሚስት ክሊኒክ አይደለችም።

እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ? ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

ሜትም ኮኬይንም አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን፣ የፍላጎትና የደስታ መልእክት የሚያመላልሰውን ንጥረ ነገር ያጥለቀልቁታል። ይህ ሲደጋገም አእምሮ ለቅርቡ ነገር ብቻ ይሠራል። ልጁ እናቱን እንደሚያጣ ያውቃል፣ ሥራውን እንደሚያጣ ያውቃል፣ አላህ ፊት እንደሚቆምም ያውቃል። እውቀት አልጎደለውም። እነዚያ ሁሉ ሩቅ ናቸው፤ ዕፁ ግን አሁን፣ እዚህ፣ ኪሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ስብከት ብቻውን የማያውቀውን ነገር አይጨምርለትም። ኮንቲንጀንሲ ማኔጅመንት የሚባለው፣ እኔ የማበረታቻ ሕክምና የምለው ዘዴ ይህንኑ ገልብጦ ይጠቀምበታል፤ የመተውን ዋጋ ወደ ዛሬ ያቀርበዋል።

አዲስ ነገር አይደለም። ስቲቨን ሂጊንስ የተባለው ተመራማሪ ቬርሞንት ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮኬይን በሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ፈትሾታል። የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታሎች ከ2011 ጀምሮ በመላ ሀገሪቱ ይሠሩበታል። የሱስ ሐኪሞች ማኅበራት በ2023 ባወጡት መመሪያ ለአነቃቂ ዕፅ ሱስ ከሁሉም በላይ ማስረጃ ያለው ይህ ነው ብለዋል። ካሊፎርኒያ በ2021 መጨረሻ ከፌዴራል መንግሥት ፈቃድ አግኝታ በሜዲ-ካል በኩል በመክፈል ከክፍለ ሀገራቱ የመጀመሪያዋ ሆናለች፤ ሥራው የተጀመረው በ2023 ነው። አላሜዳም፣ ሳንታ ክላራም፣ ሳን ፍራንሲስኮም ከገቡት ካውንቲዎች ውስጥ ናቸው። እኛ ደጃፍ ላይ ማለት ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ፕሮግራሙ 24 ሳምንት ነው። በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ታካሚው በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመጣ የሽንት ምርመራ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ። ከአነቃቂ ዕፅ ነፃ ከሆነ እዚያው ወዲያውኑ የስጦታ ካርድ ያገኛል። የሚጀምረው ከ10 ዶላር ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ንፁህ ሆኖ ባለፈ ቁጥር በ1.50 ዶላር ያድጋል። አንድ ቀን ከወደቀ አይባረርም፣ አይሰደብም። ካርዱን ያን ቀን አያገኝም፣ መጠኑም ወደ መነሻው ይመለሳል፤ እንደገና ሁለቴ ተከታትሎ ንፁህ ከሆነ ወደ ነበረበት ይመለስለታል። ፕሮግራሙ ሲጀመር የተቀመጠው የዓመት ጣሪያ 599 ዶላር ነው። በካርዱ አልኮል፣ ሲጋራ፣ ማሪዋና፣ ሎተሪ መግዛት አይቻልም። ከዚያ ጎን ለጎን ምክርና የቡድን ሕክምና አለ፣ 24 ሳምንቱ ሲያልቅም ክትትሉ ይቀጥላል። የሚሠራው ለሁሉም አይደለም፤ ካርዱ ሲያቆም ተመልሰው የሚወድቁም አሉ። ከባዶ እጅ፣ ከስድብና ከአውሮፕላን ትኬት ጋር ግን አታወዳድሩት። ጫትን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ፕሮግራሙ የተቀረጸው ለሜትና ለኮኬይን ነው፣ የተለመደው የሽንት ምርመራም ጫትን ብዙ ጊዜ አይዘውም። ጫት ያሸነፈው ሰው ግን ያው ክሊኒክ ውስጥ የምክርና የባህርይ ሕክምና ማግኘት ይችላል።

ይህን ለአንዳንድ እህቶች ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል። «ለሱሰኛ ገንዘብ? የኛ ልጅ ሠርቶ ግብር ይከፍላል፣ እሱ ሸንቶ ይከፈለዋል?» ብላኛለች አንዷ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅኩ። ሌላዋ ደግሞ ጠንከር ያለ ነገር አነሣች፦ «ለአላህ ብሎ ካልተወው ለካርድ ብሎ የተወው ምን ዋጋ አለው?»

ለሷ የምመልሰው አለኝ። ከሑነይን ዘመቻ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ መቶ ግመል ሰጡት፣ ከዚያ ሌላ መቶ፣ ከዚያ ሌላ መቶ። ሰፍዋን ራሱ በኋላ ሲናገር፣ ከሰው ሁሉ ይጠላቸው እንደነበር፣ መስጠታቸውን አላቆሙም፣ በመጨረሻ ከሰው ሁሉ የሚወዳቸው እንደሆነ ተናግሯል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ሱረቱ-ት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ላይ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ልባቸው የሚለዘብ ሰዎች ናቸው። ዓሊም አይደለሁም፤ ዘካችሁን ለክሊኒክ ስጡ የሚል ፈትዋም እየሰጠሁ አይደለም፣ ይህ ድርሻ ዛሬ ይሠራል አይሠራም በሚለው ላይም ዑለማዎች እንደተለያዩ አውቃለሁ። የምለው አንድ ነው፦ በገንዘብ ልብን ማቅረብ ለዲናችን ባዕድ ሐሳብ አይደለም። ራሳችንስ ምን እናደርጋለን? ልጃችን ጁዝ ዐማን ሲሐፍዝ ብስክሌት እንገዛለታለን። የመጀመሪያውን ረመዳን ሙሉ ሲጾም በዒድ ቀን ከሌሎቹ አብልጠን እንሰጠዋለን። «ለብስክሌት ነው የሐፈዝከው» ብሎ የሚያሸማቅቀው የለም። ኢኽላሱ ከልጁ ጋር ያድጋል ብለን እንጠብቃለን። ለሃያ ሦስት ዓመቱ ልጅ ያን ትዕግሥት ለምን ከለከልነው?

ተውባን እያቃለልኩ አይደለም። ተውባ ከአላህ ጋር ያለ ጉዳይ ነው፣ ማንም አይተካውም። ግን ስኳር የያዘው ሰው ተውባ አድርጎ ኢንሱሊኑን አይተውም፤ እንዲያውም መታከም ሱንና ነው ብለን እንመክረዋለን፣ በሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው የሚናገረውን ሐዲሥ እናነብለታለን። ሱስ ሲሆን ሐዲሡ የት ይገባል? ቡኻሪ የዘገቡትንም አስታውሱ፤ አንድ ሰው ጠጥቶ ተይዞ በተደጋጋሚ ሲቀጣ፣ ከሰሐባዎች አንዱ ረገመው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እርግማኑን ከለከሉ፣ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ደጋግሞ የወደቀ ሰው ነው። ከጀመዓው አልተባረረም፣ ከመዲናም አልተላከም።

መድኃኒትን በተመለከተ አጭር ላድርገው። ለሜትና ለኮኬይን ሱስ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ያጸደቀው ክኒን ወይም መርፌ እስካሁን የለም። ሐኪሞች የሚሞክሯቸው አሉ። በ2021 የወጣ ትልቅ ጥናት ናልትሬክሶን መርፌን ከቡፕሮፒዮን ጋር ለሜት ሞክሮ 13.6 ከመቶው ጥሩ ለውጥ ሲያሳዩ፣ መድኃኒቱን ካላገኙት ደግሞ 2.5 ከመቶው አሳይተዋል፤ ይረዳል፣ ተአምር ግን አይደለም። ሚርታዛፒንም እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተፈትኖ ለአንዳንዶች ጠቅሟል። ስለዚህ «በአሥር ቀን የሚያጸዳ መድኃኒት አለን» ብሎ ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠይቃችሁን የግል ማዕከል ከሩቁ ሽሹት። ልጁ ሲያቆም ቀናት ሙሉ ሊተኛ፣ ክፉኛ ሊርበው፣ ሊከፋው ይችላል። በዚያ ሰሞን ሞትን የሚመኝ ወሬ ከሰማችሁ «ይለፈልፋል» አትበሉ። ብቻውን አትተዉት፣ 988 ደውሉ።

ሌላው የሚያሳስበኝ «ጂን ይዞታል» የሚለው ነው። ጂን መኖሩን አምናለሁ፣ ቁርኣናችን ውስጥ ነው። ግን አራት ቀን ሜት እየወሰደ ያልተኛ ሰው ግድግዳው ውስጥ ድምፅ ይሰማል፣ ጎረቤቱ እየሰለለው እንደሆነ ይምላል፣ ቆዳው ሥር ነገር የሚሄድበት ይመስለዋል። ይህን በሥራዬ አይቼዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ዕፁ ሲወጣና እንቅልፍ ሲመለስ ይለቀዋል፣ ካልለቀቀው ደግሞ መድኃኒት አለው። ሩቅያ አድርጉለት፣ አያተል ኩርሲን ቅሩበት፣ ማን ይከለክላችኋል። ነገር ግን ትኩሳት ካለው፣ ደረቱን ካመመው፣ ልቡ ከልክ በላይ ከመታ፣ ሰውን ከፈራና ቢላ ካነሣ፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ ቅርኣቱን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ቅሩ። የሚደበድብ «ራቂ» ግን ቤታችሁ አታስገቡ።

እዚህ ላይ መስጂዶቻችንንና ዕድሮቻችንን አንድ ነገር ልጠይቅ። አንድ ወጣት በድንገት ሲሞት የእኛ ማኅበረሰብ በአንድ ሌሊት ለጀናዛ የሚያሰባስበውን ገንዘብ አይቻለሁ፤ አላህ ይቀበላችሁ፣ በዚህ እንኮራለን። ያው ወጣት ከሦስት ወር በፊት በሳምንት ሁለት ጊዜ ክሊኒክ የሚያደርሰው መኪና ሲፈልግ ማን ነበር? ለምንስ በየመስጂዱ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ውስጥ ናርካን የለም? አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ ነው፣ ከመጋቢት 2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ሜትን ወይም ኮኬይንን አያረክስም፤ የገባበትን ፌንታኒል ግን ያረክሳል፣ ፌንታኒል ያልወሰደ ሰውም ላይ ቢነፋ አይጎዳውም። «ናርካን ካስቀመጥን ልጆቹ ዕፅ ይወስዳሉ ብለው ያስቡናል» ያሉኝ አንድ የኮሚቴ አባት ነበሩ። እሳት ማጥፊያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ መስጂዱን ያቃጠለ ግን የለም።

አሁን ቤታችሁ ውስጥ ይህ ነገር ያለባችሁ እህቶች፣ የምታደርጉት ይህ ነው። 1-800-662-4357 ነፃ የፌዴራል መስመር ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል፣ በአካባቢያችሁ ያለውን ይጠቁማችኋል። የሜዲ-ካል ካርድ ካለው ለካውንቲው የሱስ ሕክምና አገልግሎት ደውሉና የማበረታቻውን ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ስሙ፣ «ሪከቨሪ ኢንሴንቲቭስ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስሙን ካልጠራችሁ ላያነሡላችሁ ይችላሉ። በሥራው በኩል የግል ኢንሹራንስ ካለው፣ በ2008 በወጣው የፌዴራል ሕግ ኢንሹራንሱ ለሱስ ሕክምና ሽፋን ከሰጠ ከሌላው በሽታ ባነሰ መልኩ ሊያስተናግደው አይችልም። ሌሊት ከሆነና ከከፋ፣ ኦክላንድ ያለው ሃይላንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሱስ ሕክምናን እዚያው ክፍሉ ውስጥ መጀመርን ለመላው ካሊፎርኒያ ካስተማሩት ነው።

አስተርጓሚ ጠይቁ። አማርኛ በሉ፣ በነፃ ነው፣ መብታችሁ ነው፤ በስልክም ይሁን በቪዲዮ። የአሥራ ሁለት ዓመት እህቱን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትቀመጡ። አስተርጓሚው የምናውቀው ሰው ቢሆንስ ብላችሁ ከፈራችሁ ከሌላ ከተማ በስልክ ይሁንልን ማለት ትችላላችሁ። የሱስ ሕክምና መዝገብ ከተራው የሕክምና መዝገብ በበለጠ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው፤ በሕግ ከተወሰኑ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር ያለ ታካሚው ፈቃድ ለአሠሪው አይነገርም፣ ለአባቱም አይነገርም። ዜግነት ያልወሰደ ልጅ ግን ለኢሚግሬሽን ሰዎች ስለ ዕፅ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ጠበቃ ያግኝ።

ብዙዎቻችሁ ደግሞ ስለ ረመዳን ትጠይቁኛላችሁ። ሽንት መስጠት ጾም አያፈርስም። ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉለት፣ ከሱሑር የጠጣው ውኃ ሳያልቅ፤ ከሰዓት በኋላ ሲሆን አፉ ይደርቃል፣ ናሙናውም አልመጣ ይለዋል፣ ያልተሰጠ ናሙና ደግሞ ካርዱን ያስቀረዋል። ናልትሬክሶን መርፌ የጀመረ ከሆነ በወር አንዴ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ወይም ከረመዳን በፊት ይወሰድ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ምግብነት የሌለው መርፌ ጾም አያፈርስም የሚሉ ዓሊሞች ብዙ ናቸው፣ ልባችሁ እንዲረጋ ግን የራሳችሁን ኡስታዝ ጠይቁ። ተራዊሕ አምሽቶ ሳይተኛ የሚያድር ልጅ ከሆነ ደግሞ ስምንት ረከዓ ሰግዶ ወደ ቤት ይግባ፤ እንቅልፍ ማጣት ሐራራውን ይቀሰቅሰዋል።